አናት ላይ ያለ ነዳጅ

«ስንት ሜትር ላይ ነው የተገኘው?»

ሜትሮ በጀርባዋ ተንጋላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ በሌላው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የጥዱን አናት እያየች ነበር። ቱቦው ከክንድ አይረዝምም፤ አፉ ላይ ሁለት ክር ተጠላልፎበታል። ክሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ቅጠል ላይ ካረፈ መዝገቧ ላይ «ቅጠል» ትላለች፤ ሰማይ ላይ ካረፈ «ሰማይ»። ከዚያ ተነሥታ አምስት እርምጃ ትሄድና እንደገና ትንጋለላለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ለማያውቃት ሰው ግን በደህና ቀን ያበደች ነው የምትመስለው። ከጠዋት ጀምራ ሰባ ስምንት ቅጠልና አሥራ አንድ ሰማይ ጽፋለች። ጫካ አናቱ ላይ እንዲህ ከተጋጠመ ደግሞ እሳት ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሻገር ማንንም አያስፈቅድም።

ቀና ስትል ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ፊቷ ቆሟል። ማበጠሪያው ከደረት ኪሱ ብቅ ብሏል። ዳገቱን በሩጫ ስለወጣው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ይህ ሰው ምላጭ የተባለው በሥራው ብቻ አይደለም፤ በምላሱም ጭምር ነው።

«ምኑ?» አለች ሜትሮ።

«ነዳጁ ነዋ!»

ሜትሮ ደስ አላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ጫካ ስትለፈልፍ አንድም ሰው «እስቲ ንገሪን» ብሏት አያውቅም።

«እንደ ቦታው ነው» አለች፣ ደረቅ ቅጠል ከፀጉሯ እያራገፈች። «ወደ ላይኛው በኩል ሦስት ሜትር ይሆናል። ወደ ቤቶቹ እየተጠጋህ ስትሄድ ግን አንዳንዱ ጋ ግማሽ ሜትርም አይሞላም።»

«ግማሽ ሜትር ብቻ?»

«ሕፃን ልጅ በእጁ ይደርስበታል ብልህ ይሻላል።»

ምላጭ አጠገቡ ያለውን ግንድ ያዘ። «ብዛቱስ?»

«እሱን አትጠይቀኝ። ከገመትነው እጥፍ ነው። ተመዝኖ ሲመጣ እኔ ራሴ ደንግጫለሁ።»

«ወይ አምላኬ! ይህን ይዘሽ ዝም አልሽ?»

«ማን ዝም አለ? ሁለት ጊዜ ስብሰባ ጠርቼ የመጣው ሰባት ሰው ነው። ከሰባቱም ሁለቱ ዝናብ ሸሽተው የገቡ ነበሩ። ዛሬ በአሥር ሰዓት ሦስተኛው ነው፤ አንተም ና እንጂ።»

«እኔ? ሬሳዬም ቢሆን ይመጣል!» አለና ዳገቱን እንደወጣው ሮጦ ወረደ።

ሜትሮ ከኋላው እያየች ሳቀች። ሰው ለካ ቀስ በቀስ ይገባዋል፣ አለች በልቧ። ምስኪን!

ጥዶቹ ከሰፈሩ ጀርባ ጀምረው እስከ ተራራው ጫፍ ይወጣሉ። ከጫካው ጋር ጀርባ ለጀርባ የተቀመጠው ዘጠና ቤት ነው። ፊት ለፊት ያሉት ዛፎች የመንግሥት አይደሉም፤ በየሰው ግቢ ውስጥ ያሉ፣ ባለቤት ያላቸው ናቸው። ቅርንጫፋቸው ታች ድረስ ወርዶ ሣሩን ይነካል፤ ከላይ ደግሞ እርስ በርስ ተቃቅፈዋል። ደረቁ ነፋስ ሊነሳ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ስምንት ቆራጮች መጋዛቸውንና መኪናቸውን ይዘው ነገ ጠዋት መጀመር ይችላሉ፤ ግን ከዘጠናው ቤት የስድሳው ባለቤት ካልፈረመ አንድ ቀንበጥ አይነኩም። ፊርማው ዛሬ ካልተሟላ መኪናዋ ወደ ሌላ ተራራ ትዞራለች፤ ተመልሳ የምትመጣውም ለከርሞ ነው። ከርሞ እስኪደርስ ነፋሱ አንድ ጊዜ፣ ክብሪት ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ሜትሮ ስታስበው እንቅልፍ አይወስዳትም። በተለይ ከዘጠናው ቤት የመጨረሻው፣ ጫካው ውስጥ ገብቶ ሊያድር ምንም ያልቀረው፣ የእናቷ ቤት ስለሆነ።

የመለኪያ ቦታዎቿ በችካል የተመለከቱ ናቸው፤ የቀራት አንድ ችካል ነበር፤ አሥራ አራተኛው። ካርታው እንደሚለው አሥራ አራተኛው ችካል የሚያርፈው እናቷ ግቢ፣ ትልቁ ጥድ ሥር ነው። ችካሉ ያለው ግን ከአጥሩ ውጭ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አሥር እርምጃ ገፍታ የተከለችው ራሷ ናት። መዝገቡ ላይ ከጎኑ በእርሳስ «ተዛውሯል» ይላል። ለምን እንደተዛወረ የጠየቃት የለም፤ እሷም የተጻፈበትን መስመር ቶሎ እያለፈች ማንበብ ለምዳለች። ዛሬም እዚያው ተንጋለለች፣ «ቅጠል» ብላ ጻፈች፣ ዕቃዋን ሰበሰበች።

ወደ ሰፈሩ ስትወርድ መጀመሪያ ያገኘችው ግማሽ ጢሙን የተላጨ ሰው ነው። ግራ ጉንጩ ለስልሷል፤ ቀኙ ላይ ሳሙናው ደርቋል። አንገቱ ላይ የምላጭን ፎጣ እንዳሰረ ከሁለት ሰዎች ጋር ይከራከራል። ቀጥላ ዳቦ ጋጋሪዋን አገኘች፤ በእያንዳንዱ እጇ ሁለት ሁለት ባዶ ጄሪካን አንጠልጥላለች።

«ውሃ ጠፋ እንዴ?» አለች ሜትሮ።

«የምን ውሃ! እናንተ ቧንቧውን እስክትዘረጉ የመጀመሪያውን እኛ እንቅዳ ብዬ ነው» አለች ጋጋሪዋ፣ ጠቀስ አድርጋት አለፈች።

ሜትሮ ነገሩ አልገባትም። መታጠፊያው ላይ ደግሞ የሰፈሩን ሽማግሌ አባባ ቦቴን ሰው ከቧቸዋል። አባባ ቦቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳጅ ቦቴ ነድተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ዕፍኝ አፈር ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ናፍጣ ነው» አሉ። «ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ይቆነጥጠኝ ነበር።»

ሜትሮ የዚያን ጊዜ ቆመች። ዞራ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሄደች። ዛሬ ማለዳ ራሷ የለጠፈችው ወረቀት ነው፣ ራሷ የጻፈችው፣ ማኅተም ያረፈበት፦ «በጫካው አናት ያለውን የነዳጅ ክምችት ለመገመት የተካሄደው ጥናት ውጤት ዛሬ በአሥር ሰዓት ስለሚገለጽ የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ በአዳራሹ እንዲገኝ።»

የደን እሳት መከላከያ መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ የሚነድ ነገር ሁሉ ነዳጅ ነው። ቅጠሉ ነዳጅ፣ ጭራሮው ነዳጅ፣ የደረቀው ሣር ነዳጅ፤ ሪፖርቱም፣ ቅጹም፣ አለቃዋም እንዲህ ነው የሚሉት። ነደደ፣ ይነዳል፣ ነዳጅ። በሰዋስው በኩል ምንም ነውር የለበትም። ሰፈሩ ግን የሚያውቀው ሰዋስው ሳይሆን ማደያ ነው።

«ጉድ ፈላ!» አለች ሜትሮ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። ቀጥሎም ከምላጭ ጋር የተነጋገረችው ቃል በቃል ትዝ አላትና እዚያው ሰሌዳው ሥር ቁጢጥ አለች። ግማሽ ሜትር ላይ። ሕፃን ልጅ በእጁ ይደርስበታል። ከገመትነው እጥፍ ነው። ማስተባበል ቀርቶ በአፏ ማኅተም መትታበታለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ በረንዳው ላይ የስፌት ማሽኗን እየረገጠች ነበር። እናቷ አርባ ዓመት በዚህ ማሽን የሠራች ልብስ ሰፊ ናት። ትልቁ ጥድ ቅርንጫፉን በረንዳው ጣራ ላይ ደገፍ አድርጎታል፤ የታችኛው ደግሞ ወደ ሣሩ ወርዷል። የእናቷ የልብስ መለኪያ ሜትር ትከሻዋ ላይ እንደተጣለ ነው።

«ኑሪልኝ!» አለች እናቷ ቀና ሳትል። «አገር ምድሩ ያወቀውን እናት ከምላጭ ትስማ?»

«እማዬ፣ ነገሩ እንዲህ እንዳይመስልሽ …»

«ከጠዋት ጀምሮ አራት ቀሚስ ታዘዘኝ። የሊቀመንበሩ ሚስት ‹መሐንዲሶቹ ሲመጡ የምለብሰው› አለችኝ። እኔም ሞኝ አይደለሁ፣ ‹የሚያምር ጨርቅ አምጪ› አልኳት።»

«እማዬ፣ ነዳጅ የለም።»

ማሽኑ ቆመ። እናቷ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ ልጇን አየቻት። ሜትሮ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሰሌዳውን፣ ቃሉን፣ የምላጭን ሩጫ። የእናቷ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስትስቅ ድምፅ አታወጣም፤ እንባ ብቻ ነው የምታወጣው።

«አባባ ቦቴ ‹ናፍጣ ነው› ብለዋል እኮ!» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን በጨርቅ ቁራጭ እየጠረገች።

ስልክ ጮኸ። የሜትሮ አለቃ ነው፤ ከከተማ የሚደውል፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው።

«ሰው ይመጣል?» አላት።

«ሰው ይመጣል ወይ? አዳራሹ አይበቃም! ግን የሚመጡት በስህተት ነው» ብላ አጫወተችው።

አለቃዋ እስኪያንቀው ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «እንግዲህ የመጣ ሲሳይ አይገፋም። መጀመሪያ አስፈርሚያቸው። ቅጹ የሚለው ቅርንጫፍ ይቆረጥ ነው፤ ውሸት የለበትም። ማስረዳቱ በኋላ ይደርሳል።»

«ነዳጅ መስሏቸው ይፈርሙ?»

«እሳት መጥቶ ከሚያስረዳቸው አይሻልም?»

ሜትሮ ስልኩን ዘግታ ቀና ስትል ከፊቷ የታችኛው ቅርንጫፍ አለ። አባቷ እሷ የተወለደች ሳምንት ነው ጥዱን የተከለው። ያ ቅርንጫፍ ኮቱን የሚሰቅልበት ነበር፤ ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ገና በሩ ሳይከፈት፣ ኮቱ እዚያ ላይ ነው። ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። እናቷ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ በየቀኑ ፊት ለፊት የምታየው ያንን ቅርንጫፍ ነው። ያንን ለክቶ «ይቆረጥ» ብሎ መጻፍ ለሜትሮ ከአቅሟ በላይ ሆኖባት ነበር፤ ችካሉ የተገፋው ለዚህ ነው።

በአሥር ሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወንበር ያጣ መስኮት ላይ ወጥቷል። ሊቀመንበሩ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ንግግር ጀምረዋል።

«ይህ ሰፈር» ይላሉ፣ «ለብዙ ዘመን አፈሩን ሲረግጥ ኖሯል፤ ከእግሩ በታች ምን እንዳለ ግን …»

«ከግማሽ ሜትር በታች!» አለ ምላጭ ከመሃል፤ አዳራሹ አጨበጨበ።

ሜትሮ በጎን በር ስትገባ ቅጾቹ ቀድመዋት ደርሰዋል። ሊቀመንበሩ ከቢሯቸው አውጥተው አከፋፍለዋቸው ኖሯል። ሰው ሁሉ እስክሪብቶ ይዟል። አባባ ቦቴ በክብር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የጡረታ ቆባቸውን አጥልቀው፣ «ልጄ፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?» አሏት።

አፏን ብትዘጋ በቂ ነበር። ሩብ ሰዓት ዝም ብትል ነገ መጋዙ ይጮሃል፣ ቤቶቹ ይተርፋሉ፣ እናቷም ትተርፋለች። እናቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ሜትሩን ከትከሻዋ ማውረድ ረስታለች፣ ልጇን ትክ ብላ ታያለች።

«አትፈርሙ» አለች ሜትሮ።

እስክሪብቶው ሁሉ ከወረቀቱ ላይ ተነሣ።

«ገና አትፈርሙ። መጀመሪያ የምነግራችሁ አለ። ነዳጅ የለም።» ጉምጉምታ ተነሣ። «ማለቴ … አለ። ግን …»

«አለ ወይስ የለም?» አሉ ሊቀመንበሩ፣ የሸሚዛቸው አንገትጌ እየጠበባቸው።

ሜትሮ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ አንድ ዕፍኝ የደረቀ የጥድ ቅጠል አወጣች። ወደ ላይ ከፍ አደረገችው። «ነዳጁ ይኼ ነው።»

አባባ ቦቴ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው ከእጇ አንድ ቆንጠር አደረጉና አሸተቱ። «ይኼማ ቅጠል ነው» አሉ።

«አዎ አባባ። እኛ ቢሮ የሚነደውን ሁሉ ነዳጅ ነው የምንለው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከመሬት በታች ምንም የለም። ያለው ከላይ ነው፣ አናታችን ላይ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ይዘርዝረው! ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። ግማሽ ጢሙ የተላጨው ሰውዬ ተነሥቶ «አንተ ምላጭ፣ በቅጠል ነው ግማሽ ፊቴን ይዘህ የሮጥከው?» አለ። የሊቀመንበሩ ሚስት ወደ ሜትሮ እናት ዘወር ብላ «ቀሚሱ ይቅርብኝ» ስትል፣ «ጨርቁ ተቆርጧል» የሚል መልስ አገኘች። ወንበሮች ይንቀጫቀጩ ጀመር፤ በሩ ላይ ያሉት መውጣት ጀምረዋል።

«አንዴ ስሙኝ!» ሜትሮ ጮኸች። ድምፅዋ እንደዚህ ይወጣል ብላ ራሷም አታውቅም። «ሣር ቢቃጠል በቅጠል እየመታን በአካፋ እናጠፋዋለን፤ አጥፍተንም እናውቃለን። ቅርንጫፉ መሬት ከነካ ግን ለእሳቱ መሰላል አቆምንለት ማለት ነው። አናት ላይ ከወጣ በኋላ ማን ይደርስበታል? ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ጣራችሁ ላይ ሲወርድ ጫማ ለማድረግም ጊዜ የላችሁም። የምለምናችሁ ታችኛው ቅርንጫፍ እንዲነሣ ብቻ ነው። ዛፉ ይቀራል፤ ጥላውም ይቀራል።»

መውጣት የጀመሩት ቆሙ። ምላጭ ግን በሰው ፊት ስለተዋረደ ፊቱ ቀልቷል፤ እሱ ደግሞ ሲዋረድ ነው የሚሳለው።

«እሺ፣ ሜትሮ» አለ ተነሥቶ። «የሁላችንንም ዛፍ ለክተሻል። የእኔ ስንት ነው?»

«ሰባ ሳንቲሜትር።»

«የአባባ ቦቴስ?»

«አንድ ሜትር ከአሥር።»

«የእናትሽስ?»

ሜትሮ መዝገቡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያንን ዛፍ ያውቀዋል፤ ልብስ ለመለካት የቆመ ሁሉ ከሥሩ ቆሟል።

«አልለካሁትም» አለች። «ችካሉ የሚያርፈው እዚያ ነበር። አሥር እርምጃ ገፋሁት። ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ምላጭ ራሱ የጠበቀው መልስ ይህ አልነበረምና እጁን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፋው። ሜትሮ ፊቷ ነደደ። እነዚህን ሰዎች ከአሁን በኋላ በምን አፏ «ቁረጡ» እንደምትላቸው አላወቀችም።

«ለምን ገፋሽው?» አለች አንዲት ሴት። ሰው ሁሉ ዘወር አለ። የጠየቀችው እናቷ ናት።

«እማዬ … አባዬ የተከለው እኮ ነው። ቅርንጫፉ ደግሞ … ኮቱን የሚሰቅልበት። አንቺ እሱን እያየሽ ነው የምትውይው። እንዴት ብዬ ይቆረጥ ልበል?»

እናቷ ቀስ ብላ ተነሣች። «እኔን ጠየቅሽኝ?»

«አልጠየቅኩሽም።»

«ሃያ ዓመት!» አለች እናቷ ወደ ሰው ዞር ብላ፣ እንደ ምስክር እየቆጠረቻቸው። «ሃያ ዓመት ሙሉ ከአባትሽ ጋር በዚያ ቅርንጫፍ ነው የተጨቃጨቅነው። ‹ሰውዬ ኮትህን ቤት ውስጥ ስቀል፣ ወፍ ያበላሽብሃል› እያልኩ! እሱ ከሄደ ደግሞ ስድስት ዓመት መርፌ የመሰለ ቅጠሉ ማሽኔ ውስጥ እየገባ ያሰቃየኛል። ከታች መርፌ፣ ከላይ መርፌ! እኔ ዝም ያልኩት አንቺ ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው። ልጄ አባቷን የምታይበት ነው፣ ልተወው ብዬ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ሊቀመንበሩ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። እናቷ ግን ሜትሩን ከትከሻዋ አውርዳ እጇ ላይ እየጠቀለለች በመተላለፊያው ወጣች።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች ከበሩ። «ኑና ለኩ።»

ሰውም ተከተላት። ስብሰባው እንዳለ ተነሥቶ መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ ከነወንበሩ የወጣም ነበር። ግቢው ሲሞላ የተረፈው አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። እናቷ ጥዱ ሥር ተንበርክካ የሜትሩን አንድ ጫፍ ለልጇ ሰጠቻት፣ ሌላውን ሣሩ ላይ በጣቷ ያዘች።

«ስንት ይላል?»

«ሠላሳ ሁለት» አለች ሜትሮ።

«ከእኔም አነሰ!» አለ ምላጭ፣ ደስ ብሎት።

እናቷ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ዛፉን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ ሲቆምላት እንደምታይ አድርጋ። «ምን ነበር በዚያ ማስታወቂያ ሁሉ የምትደክሙት?» አለች። «ነገሩ ቀላል ነው። ቀሚሱ ረዝሟል። መሬት ይጠርጋል። መሬት የሚጠርግ ቀሚስ እሳት ዳር አይቆምበትም፤ ይታጠፋል። እስከ የት ነው የምትፈልጊው?»

«ሁለት ሜትር ተኩል» አለች ሜትሮ።

እናቷ ከሽርጧ ኪስ የልብስ ጠመኔዋን አውጥታ በረንዳው ደረጃ ላይ ወጣች፤ ግንዱ ላይ እጇ እስከደረሰበት ነጭ መስመር አሰመረች። የቀረውን ምላጭ ከእጇ ተቀብሎ፣ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ከፍ አድርጎ አሰመረው። «እዚህ ጋ ይሁን፣ እትዬ?» «ትንሽ ከፍ አድርገው። አንተ ሁልጊዜ አሳጥረህ ነው የምታበላሸው።»

የፊርማው ወረቀት የተዘረጋው ስፌት ማሽኑ ላይ ነው። መጀመሪያ የፈረመችው እናቷ ናት። ቀጥለው አባባ ቦቴ፣ ቆባቸውን አውልቀው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳጅ ጭኜ አንድ ቀን ሳይነድብኝ ጡረታ ወጣሁ» አሉ፤ «አሁን በቅጠል አልቃጠልም!» ጋጋሪዋ ጄሪካኖቿን ምን እንደምታደርጋቸው ስትጠይቅ ሜትሮ «ውሃ ሞልተሽ ደጅሽ አስቀምጪ፤ እሱም ሥራ ነው» አለቻት፤ ሌሎቹም ሰሙ። «ቀሚስ ማሳጠሩ ከሆነማ» ብላ የሊቀመንበሩ ሚስትም ባሏን ጎትታ አስፈረመች፤ ቀሚሷንም ዳግመኛ አዘዘች። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ሜትሮ ቆጠረች፤ ሃምሳ ዘጠኝ። እንደገና ቆጠረች፣ ያው ነው።

«እዚህ ካለነው ማን ቀረ?» አለች።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ምላጭ የሆነውን ነገር እስኪያስታውስ ጊዜ ወሰደበት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ወዲያ ወዲህ እያለ ሰውን ሲያሰልፍ፣ ለአንዱ እስክሪብቶ ሲያቀብል፣ በሌላው ሲቀልድ ቆይቷል። «እኔ ነኛ!» አለና ግንባሩን መታ። «ሰባ ሳንቲሜትር!»

ፈረመ። ስድሳ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ ግን» አላት እስክሪብቶውን ሲመልስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለላይኛው ሰፈር ማስታወቂያ ስትጽፊ ነዳጅ በያቸው። እኛ ብቻ ነን እንዴ የምንሞኘው?»

«ሂድና ያንን ሰውዬ ጨርሰህ ላጨው!» አለችው ሜትሮ፣ እየሳቀች።

ሰው ተበተነ። አለቃዋ ደውሎ «እንዴት ሆነ?» ሲል «ስድሳ» አለችው፤ «ነግሬአቸው ነው የፈረሙት።» ከወዲያ በኩል «ጎበዝ» የሚል ቃል መጣ። መኪናዋ በጠዋት ትነሣለች።

ሜትሮ ከአጥሩ ውጭ ወጥታ አሥራ አራተኛውን ችካል ነቀለችው። ሦስት ዓመት አፈሩ ይዞት ስለነበር ታግሎ ነው የወጣላት። አምጥታ ጥዱ ሥር፣ ካርታው በሚለው ቦታ ላይ፣ በድንጋይ መትታ አቆመችው። እናቷ የታችኛውን ቅርንጫፍ በእጇ ዳሰስ ዳሰስ እያደረገች ነበር። ኮቱ ይሰቀልበት የነበረው ቦታ ላይ ቅርፊቱ ተልጦ ለስልሷል። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ አሁን የሳቀች ግን አትመስልም።

«ይኼን ለእኔ ያስቀምጡልኝ» አለች። «በሩ ሥር፣ ግድግዳው ላይ ትመቺልኛለሽ። ኮት የሚሰቀለው ቤት ውስጥ ነው ብዬ ነበር፤ አልሰማኝም።»

«እመታልሻለሁ፣ እማዬ።»

ሜትሮ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ መዝገቡን ገለጠች። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እንደልማዷ አላለፈችውም። እርሳሱን አስቀምጣ የእናቷን እስክሪብቶ ከፊርማው ወረቀት ላይ አነሣች፤ «ተዛውሯል» የሚለውን ሰርዛ «32 ሳ.ሜ.» ብላ ጻፈች። ከጎኑ «አስተያየት» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። ቢሮ የለመዱት ቃል «የታችኛው ነዳጅ ይነሣል» ነው። ትንሽ አሰበችና «ነገ ይታጠፋል» ብላ ጽፋ መዝገቡን ዘጋችው።